«ሰነፍ» ከማለታችን በፊት፦ የነርቭ በሽታና እንቅልፍ



በክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚያንቀላፋ ተማሪ ስናይ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው ቃል «ሰነፍ» የሚለው ነው። ዐይኗ ሳይከደን የሚነጋባትን እናት «ሐሳብ አብዝታ ነው» እንላታለን። ተኝቶ ሳለ የሚጮህና የሚራገጥ ሰው ካለ ደግሞ ስሙ አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል፤ ዱካክ ይባላል፣ ወይም ሌላ መንፈስ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ለእነዚህ ነገሮች ቀላል ምክንያት አይጠፋም፤ ሙቀት፣ ስልክ፣ ቡና፣ ጫት ወይም ጭንቀት ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከበስተጀርባው በአንጎልና በነርቭ ላይ የደረሰ እውነተኛ ሕመም አለ። ያን ጊዜ ቁጣም ሆነ ሐሜት አይፈውሰውም፤ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው።

እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት ለዘንድሮው መጽሔት የመረጥነው ርእስ ይህ ነው፦ የሰውነት መከላከያ በስሕተት የራሱን ነርቭ ሲያጠቃ እንቅልፍ ላይ ምን ይደርሳል? ርእሱ ከበድ ያለ ቢመስልም እያንዳንዱን ቤት የሚነካ ነው። በተለይ ለእኛ ለጅቡቲ ተማሪዎች አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለን። ብዙዎቻችን እናቶቻችንና አክስቶቻችን ሐኪም ቤት ሲሄዱ አማርኛውን ወደ ፈረንሳይኛ የምንመልስላቸው እኛው ነን። የማናውቀውን ነገር ደግሞ መተርጎም አንችልም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱ ግን በእኛው አቆጣጠር ነው።

፩. እንቅልፍ እንዴት ይመጣል?

እንቅልፍ የአንጎል መጥፋት አይደለም። አንጎል ሌሊቱን ሙሉ በተራ በተራ ሥራ ይሠራል። በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አዘሪንስኪና ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች የተኛ ሰው ዐይን በተወሰነ ሰዓት ከቆቡ ሥር በፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ አሳዩ። ይህ ክፍል ሬም እንቅልፍ ይባላል፤ ጥርት ያለ ሕልም በብዛት የምናየው በዚህ ጊዜ ስለሆነ እዚህ ላይ «የሕልም እንቅልፍ» እንለዋለን። ቀላል እንቅልፍ፣ ከባድ እንቅልፍና የሕልም እንቅልፍ ተከታትለው አንድ ዙር ይሆናሉ። አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ በአንድ ሌሊትም ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይደጋገማል።

በሕልም እንቅልፍ ጊዜ አንድ አስደናቂ ነገር ይሆናል። አንጎል የእጅንና የእግርን ጡንቻዎች ይቆልፋቸዋል። ቁልፉ ባይኖር ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ ወርደን በእውን እንሮጥ ነበር። ያን ጊዜ ሥራ የማያቆሙት የዐይን ጡንቻዎችና ለትንፋሽ ዋናው የሆነው ድያፍራም ናቸው። ይህን ነጥብ ያዙት፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

እንቅልፍን የሚያመጡት ሁለት ኃይሎች ናቸው። አንደኛው ድካም ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይከማችና ወደ እንቅልፍ ይገፋናል። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው፤ ብርሃንና ጨለማን ተከትሎ ይሠራል። ይህ ሰዓት በሴሎች ውስጥ እንዴት እንደሚቆጥር ያሳዩት ሆል፣ ሮስባሽና ያንግ የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

የሁለቱ ኃይሎች መገናኛ ከአንጎል ሥር የሚገኝ ትንሽ ክፍል ነው፤ ሃይፖታላመስ ይባላል። የዚህን ክፍል አስፈላጊነት ዓለም የተረዳው በመከራ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሰዎችን እንቅልፍ ላይ የሚጥል የአንጎል ብግነት በአውሮፓ ተነሣ። በቪየና ይሠራ የነበረው ሐኪም ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ በሽታውን በ1917 ጻፈው። የሞቱትን ሰዎች አንጎል ሲመረምርም አንድ ልዩነት አገኘ። ሲተኙ የከረሙት ሕመምተኞች ጉዳታቸው በሃይፖታላመስ የኋላ ክፍልና በአቅራቢያው ነበር፤ እንቅልፍ አጥተው የሞቱት ደግሞ ጉዳታቸው በፊተኛው ክፍል ነበር። ከዚህም ተነሥቶ አንጎል ውስጥ የሚያነቃ ቦታና የሚያስተኛ ቦታ ለየብቻ እንዳሉ ተናገረ። የኋላ ዘመን ምርምርም ይህን አረጋግጦለታል።

፪. ዘበኛው የቤቱን ልጅ ሌባ ሲል

የሰውነታችንን መከላከያ እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። ጀርም ሲገባ ይይዛል፣ ያባርራል፣ መልኩንም መዝግቦ ያስቀምጣል። መሣሪያዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ፀረ እንግዳ አካላትና ነጭ የደም ሴሎች። አንዳንድ ጊዜ ግን ዘበኛው ይሳሳታል። የያዘው ጀርም መልክ ከቤቱ ልጅ መልክ ጋር ይመሳሰልበትና የቤቱን ልጅ ሌባ ብሎ ይደበድበዋል። እንዲህ ያለው በሽታ ኦቶኢሚዩን ይባላል፤ ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ማለት ነው። ጥቃቱ በአንጎል፣ በኅብለ ሰረሰር ወይም በነርቭና በጡንቻ መገናኛ ላይ ሲሆን የነርቭ ኦቶኢሚዩን በሽታ እንለዋለን።

ሁለት ነገር ከወዲሁ እንናገር። እነዚህ በሽታዎች ከሰው ወደ ሰው አይተላለፉም፤ በአንድ ማዕድ መብላትም ሆነ በአንድ ክፍል መማር አያስይዝም። እርግማንም አይደሉም፤ የማንም ጥፋት ውጤት አይደሉም።

፫. በሽታዎቹና የእንቅልፍ ምልክቶቻቸው

ሀ. ናርኮሌፕሲ፦ የማንቂያው ዘይት ሲያልቅ

ናርኮሌፕሲ የሚለውን ስም በ1880 ያወጣው ዤሊኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። ምክንያቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። በ1998 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በየፊናቸው በሃይፖታላመስ ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር አገኙ፤ አንዱ ቡድን ኦሬክሲን፣ ሌላው ሃይፖክሬቲን አለው። ነገሩ አንድ ነው፤ አንጎልን ነቅቶ እንዲቆይ የሚያደርግ ነው። በ2000 ደግሞ የናርኮሌፕሲ ሕመምተኞች ይህ ንጥረ ነገር እንደሚጎድላቸው ታወቀ። ንጥረ ነገሩን የሚሠሩት ሴሎች ቁጥራቸው በአሥር ሺዎች ብቻ የሚቆጠር ነው። ካታፕሌክሲ በሚባለው ምልክት በሚታወቀው ዓይነት እነዚህ ሴሎች በአብዛኛው ጠፍተው ይገኛሉ።

ያጠፋቸው ማን ነው? ማስረጃው በብዛት የሚያመለክተው የሰውነትን መከላከያ ነው። ከእነዚህ ሕመምተኞች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት መከላከያ ጀርምን በሚለይበት ሥርዓት ውስጥ አንድ ዓይነት የዘር ምልክት ይጋራሉ። በ2009ኙ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜም ቻይና ውስጥ ከበሽታው ወቅት በኋላ አዳዲስ የናርኮሌፕሲ ሕመምተኞች በዙ። በፊንላንድና በስዊድን ደግሞ ለዚያ ወረርሽኝ ተብሎ ከተሰጠ አንድ ክትባት በኋላ በጥቂት ልጆች ላይ ታየ። ያ ክትባት ዛሬ አይሰጥም። ይህን የምንጽፈው ወላጆች ሌሎች ክትባቶችን እንዲፈሩ አይደለም፤ ሳይንስ የራሱንም ሥራ ተከታትሎ እንደሚመረምር እንዲታወቅ ነው።

በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በተማሪነት ዕድሜ፣ ከ10 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ዋና ዋና ምልክቶቹ አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ሌሊት ተኝቶ ያደረ ሰው ቀን ሊቋቋመው የማይችል እንቅልፍ ይይዘዋል፤ እየበላም፣ እየጻፈም ሊያንቀላፋ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሲስቅ ወይም ሲደነግጥ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ አገጩ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ይወድቃል። ራሱን ግን አይስትም፤ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። ካታፕሌክሲ የሚባለው ይህ ነው። ሦስተኛ፣ ሊተኛ ሲል ወይም ሊነቃ ሲል ሰው በክፍሉ ውስጥ የቆመ ይመስለዋል። አራተኛ፣ ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስና መጮህ ያቅተዋል።

ይህ አራተኛው ሽማግሌዎቻችን ዱካክ የሚሉት ነው። ከላይ ስለ ጡንቻ ቁልፍ የተናገርነውን አስታውሱ። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና ቁልፉ ሳይከፈት ሲቀር ደረታችን ላይ አንድ ነገር የተቀመጠ ይመስለናል። ዱካክ አልፎ አልፎ ጤነኛ ሰውንም ይይዛል፤ በተለይ እንቅልፍ ያጣን ሰው ይይዛል። ስለዚህ ዱካክ የያዘው ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ነገር ግን ከቀን እንቅልፍና ከሳቅ ድካም ጋር ተደምሮ ከመጣ ሐኪም ማየት አለበት።

ለ. መልቲፕል ስክለሮሲስ፦ የተላጠ ሽቦ

የነርቭ ክር ማይሊን የተባለ ሽፋን አለው፤ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳለው ፕላስቲክ ማለት ነው። በዚህ በሽታ መከላከያው ሽፋኑን እየላጠ መልእክቱን ያቋርጣል። በሽታውን በ1868 አብራርቶ የገለጸው የፓሪሱ ሐኪም ሻርኮ ነው፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ በእሱ ስያሜ «ስክለሮዝ አን ፕላክ» ይሉታል። በዓለም ላይ ከ2.8 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አብረውት ይኖራሉ፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች በብዛት ይታያል፤ በእኛ አካባቢ አነስ ይላል፣ ነገር ግን አለ።

እነዚህ ሕመምተኞች እንቅልፍ የሚያጡበት መንገድ ብዙ ነው። ሌሊት ሽንት ደጋግሞ ያስነሣቸዋል። እግራቸው ይኮማተራል፤ ሕመምና ማቃጠል ይሰማቸዋል። ብዙዎቹ ደግሞ «እግሬ አላርፍ አለኝ» የሚሉት ችግር አለባቸው፤ ሲጋደሙ እግራቸውን ካላንቀሳቀሱ የማይተው ስሜት ነው። ይህ ስሜት በብረት እጥረትም ይመጣል፤ ስለዚህ ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢያዝ አትደነቁ። የብረት እጥረት ከተገኘ የሚታከም ነው።

እዚህ ላይ የከተማችን ሙቀት ይመጣል። ኡትሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የዐይን ሐኪም በ1890 አንዳንድ ሕመምተኞች አካላቸውን ሲያደክሙ እይታቸው እንደሚደበዝዝና ሲያርፉ እንደሚመለስ ጻፈ። በኋላ ምክንያቱ ሙቀት መሆኑ ታወቀ። የተላጠ ነርቭ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ብቻ ሲጨምር እንኳ መልእክት ማስተላለፍ ሊያቅተው ይችላል። ይህ አዲስ ጉዳት አይደለም፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ነገር ግን በሐምሌ፣ ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆንበትና ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ በማይወርድበት ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሕመምተኛ ማራገቢያ ቅንጦት አይደለም፤ የሕክምናው ክፍል ነው።

ሐ. ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ

ይህ በሽታ በዐይን ነርቭና በኅብለ ሰረሰር ላይ ይበረታል። በ1894 ዴቪክ የተባለ የሊዮን ሐኪም ስለጻፈበት ለረጅም ጊዜ በስሙ ይጠራ ነበር። በ2004 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚያመጣውን ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ አገኙ። የሚያጠቃውም በአንጎል ሴሎች ላይ ያለውን የውኃ በር ነው። ይህ የውኃ በር በሃይፖታላመስ አካባቢ በብዛት ስለሚገኝ አንዳንድ ሕመምተኞች በድንገት ቀንና ሌሊት የሚያስተኛ እንቅልፍ ይይዛቸዋል። ለቀናት የማይቆም ስቅታና ትውከትም ሌላው ምልክቱ ነው። ከሕመምተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በአፍሪካና በእስያ ተወላጆች ላይም ከፍ ብሎ ይታያል። በጊዜ ካልታከመ ዐይን ሊያጠፋ ስለሚችል ድንገተኛ የእይታ መቀነስ ነገ የሚባል ነገር አይደለም።

መ. እብደት የሚመስለው የአንጎል ብግነት

አንዲት ጤነኛ ወጣት በጥቂት ቀናት ውስጥ እንቅልፍ ታጣለች፤ ትለፈልፋለች፣ የሌለ ነገር ታያለች፣ ሰውን ትጠራጠራለች። ከዚያም ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል ወይም ይደርቃል። ቤተሰብ «ዛር ነው» ወይም «አበደች» ይላል። ሐኪሞችም ቢሆኑ ለረጅም ጊዜ የአእምሮ ሕመም ብቻ ይመስላቸው ነበር። በ2007 ዳልማው የተባለ የስፔን ተወላጅ ሐኪምና ባልደረቦቹ ምክንያቱን አገኙ፤ በአንጎል ሴሎች ላይ ያለ ኤንኤምዲኤ የተባለ መልእክት ተቀባይ በፀረ እንግዳ አካል ሲጠቃ ነው። በአንዳንድ ሴቶች መነሻው የእንቁላል ማመንጫ እጢ ነው፤ እጢው ሲወጣ ሕመሙ ይሻሻላል።

የእንቅልፉ ነገር እዚህ ላይ መንገድ ያመለክታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ እንቅልፍ ማጣት ይታያል፤ በማገገሚያው ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ይመጣል። በ2013 የታተመ 577 ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ ከ100 ወደ 80 የሚሆኑት በጥሩ ሁኔታ እንዳገገሙ አሳይቷል። ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ ይሻላል። ስለዚህ ጸሎትና ጠበል የሚያስፈልገው ወደዚያ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርገውም ያስደርግ፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሠ. ማያስቴኒያ ግራቪስ

ይህ በሽታ ነርቭ ከጡንቻ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ያጠቃል። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ወደ ማታ የዐይኑ ቆብ ይወርዳል፣ ድምፁ ይላላል፣ ማኘክ ያቅተዋል። የትንፋሽ ጡንቻ ከደከመ ሌሊቱ ይከፋል፤ በሕልም እንቅልፍ ጊዜ የትንፋሹ ሸክም በአብዛኛው በድያፍራም ላይ ስለሚወድቅ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ተንጋልሎ መተኛት ያቅተዋል፣ እየታፈነ ይነቃል፣ ጠዋት ራሱን ያመዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከጎረቤት ወይም ከፋርማሲ የእንቅልፍ ክኒን ወስዶ ቢውጥ ትንፋሹ ይበልጥ ሊደክም ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን መስጠት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሌላ እጅግ ጥቂት ሰዎችን የሚይዙ በሽታዎች አሉ። በ1890 ሞርቫን የጻፈው በሽታ ሰውን ለሳምንታት እንቅልፍ ያሳጣል። በ2014 በባርሴሎና የተገለጸውና አይግሎን 5 በሚባል ፕሮቲን ስም የሚጠራው ደግሞ በብዛት በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ይይዛል፤ ተኝተው ሳሉ እጃቸው ሥራ የሚሠራ ይመስላል፣ ጉሮሯቸውም ያፏጫል።

፬. መድኃኒቱ ራሱ ሲያነቃ

ለብዙዎቹ እነዚህ በሽታዎች ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ፕሬድኒሶሎን ነው። የሰውነትን መከላከያ ያበርዳል፤ ግን እንቅልፍ ይነሣል፣ ጠባይንም ይለውጣል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ጠዋት ከምግብ ጋር እንዲወሰድ የሚያዙት ለዚህ ነው። ማታ እየወሰደ እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። በራሱ ፈቃድ በድንገት እንዳያቋርጥ ግን አደራ፤ ለብዙ ሳምንታት ሲወሰድ የቆየን ፕሬድኒሶሎን በድንገት ማቆም ለሕይወት አስጊ ሊሆን ይችላል።

፭. የእኛ ከተማ ሌሊት

ስለ በሽታው ስንናገር የምንኖርበትን ቦታ መርሳት አይገባም። እንቅልፍ ሊመጣ ሲል የሰውነት ሙቀት ጥቂት መውረድ አለበት። በበጋ፣ ኸምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስና መብራት ሲጠፋ ጤነኛውም ይገላበጣል። ከመተኛት በፊት ለብ ባለ ውኃ መታጠብ፣ ስስ አንሶላ እርጥብ አድርጎ መስኮት ላይ መስቀል፣ ቀን መጋረጃውን ዘግቶ ማታ መክፈት ይረዳል።

ቀጥሎ ጫት አለ። ከኢትዮጵያ በየቀኑ የሚገባው ጫት እኩለ ቀን ገደማ ከተማው ይደርሳል። በትኩስነቱ እንዲህ የሚፈለገው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ቅጠሉ በደረቀ ቁጥር ስለሚቀንስ ነው። ከሰዓት በኋላ የተቃመ ጫት ሌሊቱን ይነጥቃል፤ የሕልም እንቅልፍንም ይገፋል። ሰውዬው ሲያቆም የተገፋው ሕልም በብዛት ይመለሳል፤ ጫት ያቋረጡ ሰዎች «ዱካክ መጣብኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። የነርቭ ሕመም ላለበት ሰው ጉዳቱ እጥፍ ነው። ለሐኪሙም እንቅልፍ ያሳጣው በሽታው ይሁን ጫቱ መለየት ያስቸግረዋል። ስለዚህ የሚቅም ሰው ሳያፍር ለሐኪሙ ይናገር።

ቡናችንንም አንርሳ። ካፌይን አዴኖሲንን የሚከለክል ነው። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላ ሰውነታችን ውስጥ አለ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣች እናት ማታ 4 ሰዓት ላይ ከጠጣችው ግማሹ ገና አልወጣላትም። ቡናውን ማቆም አያስፈልግም፤ ወደ ጠዋት ማምጣት ግን ይቻላል።

፮. ምን እናድርግ?

ለተማሪዎች፦ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ ይህን ያህል መተኛታችሁን አረጋግጡ። በበቂ ተኝታችሁም ቀን እንቅልፍ የሚያሸንፋችሁ ከሆነ ለወላጅና ለመምህር ንገሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና። በሚያንቀላፋ ጓደኛችሁም አትሳቁ።

ለወላጆች፦ ሁለት ሳምንት የእንቅልፍ መዝገብ ያዙ። በአንድ ደብተር ላይ የተኛበትን ሰዓት፣ የነቃበትን ጊዜ ብዛት፣ የተነሣበትን ሰዓት፣ ቀን ያንቀላፋበትን፣ ቡናውን፣ ጫቱንና መድኃኒቱን ጻፉ። ሌሊት የሚራገጥ ወይም ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ካለ በስልክ አንድ ደቂቃ ቅረጹት። ለሐኪም ይህ ከብዙ ንግግር ይበልጣል። የቀን እንቅልፍ የሚይዘው ልጅ ብቻውን ባሕር ገብቶ እንዳይዋኝ ተጠንቀቁ።

ለመምህራን፦ ሐኪም ናርኮሌፕሲ ያለው ልጅ በእረፍት ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢያሸልብ ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይነቃል። ሙቀት የሚያዳክመውን ልጅ ማራገቢያ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ፈተናውንም በጠዋት ማድረግ ወጪ አይጠይቅም።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መወሰድ ያለበት፦ ድንገት እይታው የቀነሰ፣ እግሩ የከዳው፣ ተጋድሞ መተንፈስ ያቃተው፣ ለቀናት ሳይተኛ የሚቃዥ ወይም ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ ሰው።

፯. ለአስተርጓሚ ተማሪዎች

በአማርኛ «ደክሞኛል» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንዱ ጉልበት ማጣት ነው፤ ሰውዬው ቢጋደምም አይተኛም። ሌላው እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው፤ በተቀመጠበት ያሸልባል። ለሐኪሙ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የሚታዘዘውም ምርመራ የተለያየ ነው። ስለዚህ እናታችሁ «ደክሞኛል» ስትል ቶሎ አትተርጉሙ። መጀመሪያ «እማዬ፣ ጉልበትሽ ነው የከዳሽ ወይስ እንቅልፍ ነው የሚይዝሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ የሚከተሉት ቃላት ይረዷችኋል።

እንቅልፍ፦ ሶሜይ
እንቅልፍ ማጣት፦ ኢንሶምኒ
የጉልበት ድካም፦ ፋቲግ
የቀን እንቅልፍ፦ ሶምኖላንስ
ማንኮራፋት፦ ሮንፍልማን
የነርቭ ሐኪም፦ ኔሮሎግ

፰. የአገራችን ሐኪሞች ጅምር

እነዚህን በሽታዎች የሚለይ ሐኪም ማግኘት ለአገራችን ሰው ለረጅም ጊዜ ከባድ ነበር። ከቀደምቶቹ ኢትዮጵያውያን የነርቭ ሐኪሞች አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሙት ጥናት በመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር ቤት ለቤት በመዞር ከ60,000 በላይ ሰዎችን በነርቭ በሽታ ረገድ ፈትሸዋል። በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ ያልነበሩ ብዙ ሕመምተኞችም በየቤቱ ተገኙ፤ በብዛት የታየውም የሚጥል በሽታ ነበር። ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል፤ «በሽታው እዚህ የለም» በማለትና «ፈልጎት ያገኘ የለም» በማለት መካከል ልዩነት አለ።

በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ የነርቭ ሐኪሞች ቁጥር እያደገ መጥቷል። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና የሚሄዱ ወገኖቻችን ከናጋድ ጣቢያ ባቡር ሲሳፈሩ ያንን የሁለት ሳምንት ደብተር ይዘው ቢሄዱ መንገዳቸው ከንቱ አይሆንም። እዚህም በከተማችን ሆስፒታሎች ሲታዩ እንዲሁ።

ማጠቃለያ

የእንቅልፍ ችግር ሁሉ የነርቭ በሽታ አይደለም፤ አብዛኛው በሙቀት፣ በልማድና በጭንቀት ይመጣል፤ ልማድን በማስተካከልም ይሻሻላል። የነርቭ ኦቶኢሚዩን በሽታ ያለባቸው ሰዎች ግን እንቅልፋቸው የሚታወከው በአንጎል ጉዳት፣ በሕመም፣ በትንፋሽ ድካም ወይም በመድኃኒት ነው። እያንዳንዱ ምክንያት የራሱ መላ አለው። መላው የሚገኘው ግን ሕመምተኛው ሲናገር፣ እኛም ሳንፈርድ ስንሰማው ነው። ከመካከላችሁ ነገ የነርቭ ሐኪም የሚሆን ተማሪ ይኖራልና ጥያቄዎቹን ከአሁኑ ሥሩ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ፎን ኤኮኖሞ በሁለቱ የሕመምተኞች ወገኖች አንጎል ውስጥ ምን ልዩነት አገኘ? ከዚህስ ምን ተረዳ?
2. ዱካክ ሲይዘን ጡንቻችን የማይታዘዘን ለምንድን ነው?
3. መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለበት ሰው በጅቡቲ ሐምሌ የበለጠ የሚደክመው ለምንድን ነው? ሲቀዘቅዝስ ለምን ይሻለዋል?
4. ማያስቴኒያ ግራቪስ ላለበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ክኒን መስጠት ለምን ያሰጋል?
5. ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ጠይቃችሁ የአንድ ሳምንት የእንቅልፍ መዝገብ አዘጋጁ። በመዝገቡ ላይ ያያችሁትን ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።